የተታለለው ሞተ፣ ያታለለው ሸምግሎ በወግ ተቀበረ፦ 1ኛ ነገሥት 13ን እንዴት ትረዱታላችሁ?

የሂርማታዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። በሥራ ቀን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአጥቢያችን የወጣቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። መጽሐፈ ነገሥትን ምዕራፍ በምዕራፍ እየሄድንበት ነው። ሰሎሞንን ጨርሰን፣ መንግሥቱም ለሁለት ተከፍሎ፣ ኢዮርብዓም ዘንድ እስክንደርስ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ምዕራፍ 13 ላይ ግን ከማና ወረዳ የምትመጣ የቡና ገበሬ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማነው፣ እጇን አንሥታ "ታዲያ የዋሸው ለምን አልሞተም?" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ስለጀመረ ለዚያ ቀን ተረፍኩ።

ታሪኩን ለማታስታውሱ ላስቀምጠው። የሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት ንጉሥ ኢዮርብዓም ሕዝቡ ለመሥዋዕት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመላለስ ልቡ ወደ ዳዊት ቤት እንዳይመለስ ሰጋ። ስለዚህ ሁለት የወርቅ ጥጆች አሠርቶ አንዱን በቤቴል፣ ሌላውን በዳን አቆመ፤ ከሌዊ ወገን ያልሆኑ ካህናትን ሾመ፤ በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን የራሱን በዓል ደነገገ። በመሠዊያው አጠገብ ቆሞ ሊያጥን ሲል ስሙ ያልተነገረ አንድ የእግዚአብሔር ሰው ከይሁዳ መጣና በመሠዊያው ላይ ጮኸ፦ ኢዮስያስ የሚባል ልጅ ከዳዊት ቤት ይወለዳል፣ የሰውም አጥንት በዚህ ላይ ያቃጥላል አለ። ንጉሡ "ያዙት!" ብሎ የዘረጋው እጅ ደረቀ። መሠዊያው ተሰነጠቀ። ሰውየው ጸለየለትና እጁ ዳነ። ንጉሡ ቤቴ ገብተህ እህል ቅመስ፣ ስጦታም ልስጥህ ቢለው፣ የቤትህን እኩሌታ ብትሰጠኝ እንኳ አልገባም፤ እንዳልበላ፣ እንዳልጠጣ፣ በመጣሁበትም መንገድ እንዳልመለስ ታዝዣለሁ ብሎት በሌላ መንገድ ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ጀግና ነው። ከዚያ በቤቴል የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነቢይ የሆነውን ሁሉ ከልጆቹ ሰምቶ አህያውን አስጭኖ ይከተለዋል፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያገኘዋል። "እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ። መልአክ በእግዚአብሔር ቃል፣ መልሰህ አብላው ብሎኛል" ይለዋል። መጽሐፉ እዚህ ላይ አያድበሰብስም፤ ዋሸው ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። ሰውየው ተመለሰ፤ በላ፤ ጠጣ። ገና ከማዕድ ሳይነሡ የእግዚአብሔር ቃል ለዚያው ለዋሾው ሽማግሌ መጣ፦ ትእዛዙን አፍርሰሃልና ሬሳህ ወደ አባቶችህ መቃብር አይገባም። መንገድ ላይ አንበሳ አግኝቶ ገደለው። ሽማግሌው ሄዶ ሬሳውን አመጣ፤ "ወዮ ወንድሜ" ብሎ አለቀሰለት፤ በራሱ መቃብር ቀበረው። ልጆቹንም ስሞት አጥንቴን ከአጥንቱ አጠገብ አኑሩልኝ አላቸው።

ይባስ ብሎ 2ኛ ነገሥት 23 ላይ የይሁዳ ንጉሥ ኢዮስያስ በእርግጥ መጥቶ የቤቴልን መቃብሮች ከፍቶ አጥንት ሲያቃጥል ይህን መቃብር ብቻ "ተዉት" ብሎ አለፈው። ስለዚህ ዋሾው ሞቶም አተረፈ፤ በገደለው ሰው አጥንት የራሱን አጥንት አዳነ።

"የእግዚአብሔር መንገድ አይመረመርም" የሚለውን መልስ እባካችሁ አትላኩልኝ። እሱን እኔም ሰጥቻት ነበር። ልጅቱ አልተቀበለችኝም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አልቀበልም።

የዜማ ቤት ልጅ

እህቴ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ በግእዙ አቆጣጠር ይህ ሦስተኛ ነገሥት ላይ ነው የሚገኘው። የእኔ መልስ ከሰውየው ይጀምራል እንጂ ከሽማግሌው አይጀምርም።

የእግዚአብሔር ሰው ትእዛዙን የተቀበለው በቀጥታ ነው። ራሱ ለንጉሡ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሦስቱንም ዘርዝሮ ተናግሯል። ከላኪው ራሱ የሰማውን ቃል፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው "ተሽሯል" ስላለው ጣለው። ዘዳግም 13 የተጻፈው ለዚህ ነው፦ ነቢይ ወይም ሕልም አላሚ ተነሥቶ ምልክት እንኳ ቢያሳይ፣ ምልክቱም ቢፈጸም፣ ከታዘዝከው የሚያወጣህ ከሆነ አትስማው ይላል። ይህ ሽማግሌ ምልክት እንኳ አላሳየም። "መልአክ ነገረኝ" ብቻ ነው ያለው። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ከሰማይ መልአክ ቢመጣ እንኳ የተሰበከላችሁን የሚለውጥ ከሆነ አትቀበሉት ብሏቸዋል።

ሌላም አለ። ሰውየው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ከዚያ አገር መውጣት ሲገባው ተቀምጧል። ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ፀሐይ መትቶታል ማለት እንችላለን፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ሰምቶ ሲነሣ "እስቲ ልጸልይ፣ ልጠይቅ" አላለም። ከጥቂት ሰዓት በፊት በጸሎቱ የንጉሥ እጅ የፈወሰ ሰው ነው እኮ! የጸሎት መንገዱ አልተዘጋበትም ነበር። በለዓም እንኳ፣ ያ ገንዘብ ወዳድ፣ የባላቅ መልእክተኞች ዳግም ሲመጡበት ሌሊቱን ጠብቆ ጠይቋል።

የንጉሡን ግብዣ እምቢ ማለት ለነቢይ ቀላል ነው፤ ጠላትነቱ ግልጽ ነው። የሚከብደው ሸምገል ያለ፣ የሙያ ባልደረባ፣ "እኔም እንዳንተ ነኝ" የሚል ሰው ነው።

የሕግ ተማሪ

ከዜማ ቤት ልጅ ጋር በአክብሮት አልስማማም። "ከላኪው የሰማኸውን በሌላ አፍ አትለውጥ" የሚለው ደንብ መልካም ይመስላል፤ መጽሐፉ ግን ራሱ አይጠብቀውም።

ዘፍጥረት 22ን ተመልከቱ። ልጅህን ሠዋ ያለው እግዚአብሔር ነው። እጅህን አትዘርጋበት ብሎ ያስቆመው መልአክ ነው። አብርሃም "እኔ ከላኪው ነው የሰማሁት፣ አንተ መልአክ ማን ነህ?" ቢል ኖሮ ይስሐቅ ታርዶ ነበር። 2ኛ ነገሥት 20 ላይ ኢሳይያስ ሕዝቅያስን ትሞታለህ አለው፤ ከግቢው ሳይወጣ ተመልሶ 15 ዓመት ተጨምሮልሃል አለው። ስለዚህ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ሊለወጥ፣ ለውጡም በመልአክ ወይም በነቢይ በኩል ሊመጣ እንደሚችል አንድ እስራኤላዊ ያውቃል። የእግዚአብሔር ሰው የሰማው ሁለቱንም ያጣመረ ነው፤ መልአክ ለነቢይ ተናገረ ተባለ። በምን መሠረት ሊጠራጠር ይችል ነበር? እኛ በምንማረው ሕግ በቅን ልቦና የተሳሳተ ሰው እና ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሰው በአንድ ዐይን አይታዩም። እዚህ ግን ቅጣቱ የተገለበጠ ነው።

የአይሁድ ሊቃውንትም ነገሩን አይተውታል። በሚሽና (በጥንቱ የአይሁድ ሕግ ስብስብ)፣ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍል፣ የራሱን ትንቢት ያፈረሰ ነቢይ ሞቱ በሰማይ እጅ ነው ይላል። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ደግሞ ለዚህ ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰው ይህንኑ ሰው ነው፤ ስሙንም አዶ ይለዋል። ነገር ግን ሕጉ ምሳሌ ያደረገውን ታሪክ በሕጉ ማጽደቅ እዚያው በዚያው መሽከርከር ነው። በነገራችን ላይ እዚያው ሳንሄድሪን ውስጥ አንድ የሚገርም አስተያየት አለ፦ የእግዚአብሔር ቃል ለዋሾው የመጣለት ለመንገደኛ ስላበላ ነው፤ ማብላት ትልቅ ነገር ነውና ይላል። ለጅማ ሰው ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፤ ለሟቹ ግን ምንም አይፈይድለትም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቁጥር 32 ላይ ሽማግሌው ስለ "ሰማርያ ከተሞች" ይናገራል። ሰማርያን የቆረቆረው ዖምሪ ነው፤ እሱም ከኢዮርብዓም በኋላ በምዕራፍ 16 የሚመጣ ንጉሥ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ታሪኩ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በኢዮስያስ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ነው የሚሉት እንዲህ ባሉ ምልክቶች ነው። ምናልባት የምንጨነቅበት ፍትሕ ጸሐፊውን ያላስጨነቀው፣ ዋናው ጉዳዩ ኢዮስያስ ስለሆነ ይሆናል።

በረከት ለሁሉ

ነገር አታወሳስቡ። ትምህርቱ አንድ ነው፦ ታዘዝ። አለቀ።

የሂርማታዋ

በረከት ለሁሉ፣ ይህን ለልጅቱ ብነግራት "ለማን?" ትለኛለች። ሰውየው የሞተው እኮ ለመታዘዝ ብሎ ስለተመለሰ ነው።

የሕግ ተማሪ፣ ዘፍጥረት 22ን ማምጣትህ አስደሰተኝ፤ ሆኖም ልዩነት አለው። አብርሃምን ያስቆመው መልአክ የተናገረው ለራሱ ለአብርሃም ነው። ለሕዝቅያስም ሁለተኛውን ቃል ያመጣው የመጀመሪያውን ያመጣው ያው አፍ ነው። እዚህ ግን ሦስተኛ ሰው ገባ። ትእዛዙን ላልሰጠው፣ ላልተቀበለውም ሰው ስለ ሌላ ሰው ትእዛዝ መልአክ መጣለት ተባለ። እኔ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደንበኛ ሰነድ አደራ ተቀብዬ፣ ሌላ ሰው መጥቶ "ለእኔ ስጪው ብሎሻል" ቢለኝ ለባለቤቱ ስልክ ሳልደውል አልሰጥም።

ስለ ኢዮስያስ ዘመን ያልከውን ግን በሌላ በኩል እየው። ኢዮርብዓም የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ930 ገደማ ነው፤ ኢዮስያስ የነገሠው ከ640 እስከ 609 ባለው ጊዜ ነው። ታሪኩ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ለኢዮስያስ ክብር ብቻ ተጻፈ ካልን፣ ጸሐፊው ትንቢቱን የተናገረውን ጀግና በውርደት ለምን ይገድለዋል? ለውዳሴ የሚጽፍ ሰው እጁ የደረቀውን ንጉሥ አሳይቶ፣ ነቢዩን በክብር አገሩ አስገብቶ ያቆም ነበር። ይህ ታሪክ ለማንም አይመችም፤ ለዚህ ነው የማልለቀው።

እስካሁን ማንም ያልነካው ሽማግሌውን ነው። ለምን ዋሸ? ምን ፈልጎ?

የሰቃው ሽማግሌ

ልጆቼ፣ ፊደሉ ስለሚያንስብኝ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ የማውቀው ሽምግልና ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም።

በእኛ አካባቢ በሁለት ቤተሰብ መካከል ደም ከፈሰሰ ጉማው (የደም ካሣውና እርቁ) እስኪፈጸም ድረስ አንዱ የሌላውን እህል ውሃ አይቀምስም። ገበያ ቢገናኙ ተላልፈው ይሄዳሉ። እርቁ ሲፈጸም ነው አብረው የሚበሉት፤ ከበሉ በኋላ የዚያ ደም ነገር አይነሣም። ስለዚህ በሽምግልና ጊዜ ከሁሉ በላይ የምንጠነቀቀው አስቀድሞ ማንም ማንም ቤት ቁራሽ እንዳይቀምስ ነው። አንድ የዋህ ሰው ጠምቶት ከባላጋራው ቤት ውሃ ጠጥቶ ቢወጣ፣ በማግስቱ አገሩ ሁሉ "ታረቁ" ይላል። የእኛ ሥራ በዚያ ይበላሻል።

እንግዲህ የእግዚአብሔር ሰው "አትብላ፣ አትጠጣ" መባሉን እኔ የማየው በዚህ ዐይን ነው። ጾም አይደለም። እግዚአብሔር ከቤቴል ጋር ተቀያይሟል ማለት ነው። ሰውየው በአፉ የተናገረው ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሳይበላ መውጣቱ ነው። ያየ ሁሉ ይህን ይረዳል። ንጉሡም ግብዣ ያቀረበው ስለ እጁ ለማመስገን ብቻ አይመስለኝም፤ ቢበላለት ኖሮ ነገሩ በረደ ማለት ነበር። በንጉሡ ቤት ያልበላው በሽማግሌው ቤት በላ። ሁለቱም ቤቴል ነው። ሕዝቡ ያየው የይሁዳው ነቢይ ተመልሶ መጥቶ እዚሁ እንደበላ ነው። ታዲያ ጩኸቱ ምን ቀረው?

ስለ ሽማግሌው ጠይቀሻል። እኔም ሽማግሌ ነኝና ትንሽ ይገባኛል። እግዚአብሔር በቤቴል የሚኖር ነቢይ እያለው ከይሁዳ ድረስ ሰው ማስመጣት ለምን አስፈለገው? ጥጃው ሲሠራ ይህ ሰው እዚያው ከተማ ነበር። ምንም አላለም። ልጆቹ የሆነውን አንድ ሳያስቀሩ የነገሩት በዓሉ ላይ ስለነበሩ ይመስለኛል። አንድ ወጣት ከሩቅ መጥቶ እሱ ሊናገር የሚገባውን በንጉሥ ፊት ተናግሮ፣ እህል ሳይቀምስ ሄደ። ይህን ሰምቶ አንድ ሽማግሌ ቤቱ ተቀምጦ መዋል አይችልም። ያ ሰው እኔ ቤት ቢበላ፣ እኔም ከእሱ ወገን ነኝ ማለት ነው፤ ቤቴል ውስጥ መኖሬም ነውር አይደለም ማለት ነው። የዋሸው ለዚህ ይመስለኛል። ሊያስገድለው አስቦ አይደለም፤ ከሞተ በኋላ ያለቀሰው ልቅሶ የውሸት አይመስልም።

የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ፤ ሌሊት በሥራ ላይ ሆኜ ነው የማነበው። ስለ አንበሳው ማንም አላነሣም። ቁጥር 28ን እዩ፦ አንበሳው ሬሳውን አልበላም፣ አህያውንም አልሰበረም፤ አህያውና አንበሳው ከሬሳው አጠገብ ቆመው ነበር። የተራበ አንበሳ እንዲህ አያደርግም። አትብላ የተባለው ነቢይ በላ፤ አንበሳው ግን ምግቡ ፊቱ ተዘርግቶ ሳይበላ ቆመ። ጸሐፊው ይህን ያለ ምክንያት አልጻፈም። መንገደኞች ሁሉ አይተው ከተማ ገብተው አወሩት። ጋሼ ከላይ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ይህ ይታየኛል፦ ነቢዩ ሲበላ የጠፋውን ምልክት አንበሳው ሳይበላ ቆሞ መለሰው።

አንበሳውን አደንቃለሁ፤ ሟቹ ግን ያሳዝነኛል። ሁለቱም አብረው ይኖሩብኛል።

የሂርማታዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጅ ልጅዎንም አመስግኑልኝ። የሌሊት ተረኛ፣ ቁጥር 28ን በዚህ መልኩ አይቼው አላውቅም።

ጋሼ ስለ ሽማግሌው ዝምታ ያሉት ለእኔ በሩን ከፍቶልኛል። ፍላቪዩስ ዮሴፍ፣ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ፣ ይህን ሽማግሌ ሐሰተኛ ነቢይ አድርጎ ነው የሚተርከው፤ በንጉሡ ዘንድ ያለው ክብር እንዳይቀንስበት የፈራ ሰው ነው። ከቀብሩ በኋላም ወደ ንጉሡ ሄዶ፣ እጅህ የደነዘዘው መሥዋዕት ተሸክመህ ስለደከመ ነው፣ መሠዊያውም የፈረሰው አዲስ ሆኖ ሸክሙ ስለከበደው ነው ብሎ አሳመነው ይላል። ዮሴፍ እንደ እኛ ታሪኩ ስላልተዋጠለት ክፉውን ይበልጥ ክፉ አድርጎ አስተካከለው። መጽሐፈ ነገሥት ግን ይህን የለውም። በተቃራኒው፣ ቁጥር 32 ላይ ሽማግሌው ለልጆቹ የሚናገረው፣ ያ ሰው በቤቴል መሠዊያ ላይ የጮኸው ቃል በእርግጥ ይፈጸማል የሚል ነው።

ስለዚህ ለእሑድ የያዝኩት ይህ ነው። ሽማግሌው አልሞተም፤ ግን ማምለጡን እጠራጠራለሁ። ዝም ያለበትን ነገር በግድ ተናገረ። ፍርዱን በራሱ ማዕድ ላይ፣ በራሱ አፍ፣ ባታለለው እንግዳ ፊት እንዲያውጅ ተደረገ። ሬሳውን በራሱ አህያ አመጣ። ለራሱ ያዘጋጀውን መቃብር ሰጠ። በመጨረሻም ቤቴል ላይ የተነገረውን ቃል ለገዛ ልጆቹ፣ ምናልባት እነዚያው በዓሉ ላይ የነበሩት ልጆች፣ እውነት ነው ብሎ መሰከረ። ቤቴል የነበራት ነቢይ አፉን የከፈተው በዚህ መንገድ ነው። ኢዮስያስ አጥንቱን መተዉም ለውሸቱ የተከፈለ ዋጋ አይመስለኝም፤ የተተወው የሟቹ መቃብር ነው፣ እሱ በጥግ ተጠልሎ ተረፈ።

ከማና ለምትመጣው ልጅ ይህን እነግራታለሁ። "የዋሸው ለምን አልሞተም?" ብላኝ ነበር፤ "ምስክር ሆኖ እንዲቆይ" እላታለሁ።

የሕግ ተማሪ

የሂርማታዋ፣ በደንብ የተያዘ መልስ ነው፤ ከዮሴፍ መልስም ይሻላል። ግን ልጅቱ ጎበዝ ከሆነች ቀጥላ የምትጠይቅሽ ይታየኛል፦ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ምስክር እንዲሆን ሌላ ሰው መሞት ነበረበት? ምስክርነቱስ ለማን ጠቀመ? በሚቀጥለው ቁጥር፣ 33 ላይ፣ ኢዮርብዓም ከዚህ ሁሉ በኋላ ከክፉ መንገዱ አልተመለሰም፤ ከሕዝቡ መካከል ካህናት መሾሙን ቀጠለ ይላል። የጋሼን የእህል ውሃ ነገር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ለምን መብላቱ ከባድ ጥፋት እንደሆነ ያስረዳል። ለምን ገዳይ ጥፋት እንደሆነ ግን አያስረዳም።

የዜማ ቤት ልጅ

ወንድሜ፣ ለዚያ እኔም መልስ የለኝም። መቃብሩ ግን የአባቶቹ አለመሆኑን እንጂ ነፍሱ የት እንደሄደች መጽሐፉ አልነገረንም። ቅጣቱ ስለ ሬሳው ብቻ ነው የተነገረው፤ ከዚያ አልፈን እንዳንፈርድበት።

የሂርማታዋ

ይህንንም ለልጅቱ እነግራታለሁ። የቁጥር 33ን ጥያቄ ግን ራሷ እስክታነሣው ድረስ አላነሣባትም። አሁን የቡና ለቀማ ስለሆነ ግማሾቹ ልጆች ለሦስት ሳምንት አይመጡም፤ ሲመለሱ እዚሁ ምዕራፍ ላይ እንቆያለን።